የአሮጌ ኮድ ዕዳ ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2020 ኪውኤሙ የተባለውን ሶፍትዌር ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዱ በኮዱ ውስጥ የነበረችን አንዲት አኃዝ አረመ። «1» የነበረው «0» ሆነ። እርማቱ ተገቢ ነበር። ሶፍትዌሩ አንዱን የኮምፒውተር ክፍል «1» በሚል መለያ ሲመዘግበው፣ አብሮት የሚሠራው ሌላ ሶፍትዌር ያንኑ ክፍል «0» እያለ ይጠራው ነበር። አንድ ንብረት በሁለት መዝገብ ላይ በሁለት ቁጥር ተመዝግቦ ሲገኝ ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያደርገው ሁሉ ባለሙያው ሁለቱን አስማማ። ኮዱም ጠራ።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። አዲሱን እትም የጫኑ ሰዎች ዊንዶውስ የሚሠራባቸውን ማሽኖች ሲያስነሱ ከኔትዎርክ ተቆርጠው አገኟቸው። ዊንዶውስ ያቺን አኃዝ በመዝገቡ ይዟት ኖሯል። ስትለወጥበት የኔትዎርክ ካርዱን አይቶት እንደማያውቅ አዲስ ዕቃ ቆጠረው፤ ለአሮጌው ካርድ የተሰጠውን ቋሚ አድራሻም ለአዲሱ አላወረሰም። አድራሻቸውን ከኔትዎርኩ በራሱ የሚቀበሉ ማሽኖች ምንም አልሆኑም። የተጎዱት ቋሚ አድራሻ ያላቸው ናቸው። ቋሚ አድራሻ የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ለሚጠባበቁት ማሽን፣ ማለትም ለሰርቨር ነው።

በ2021 መፍትሔ ተበጀለት። ከለውጡ በፊት ለተፈጠሩ ማሽኖች «1» ይመለስላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ለሚፈጠሩት «0» ይሰጣቸው ተባለ። ስህተት የተባለው ቁጥርና ትክክል የተባለው ቁጥር በአንድ ኮድ ውስጥ ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ።

ወሬው የቴክኒክ ሰዎች ወሬ ይመስላል። በዚህ ገጽ ያነሳነው ግን ጠለቅ ተብሎ ሲታይ የዕዳና የዋጋ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉ።)

ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር በውስጡ ብዙ ኮምፒውተሮች እንዳሉበት አስመስሎ የማከፋፈል ዘዴ ነው። በየክፍልፋዩ ውስጥ የተጫነው ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ የራሱ ማዘርቦርድ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ የኔትዎርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል። እነዚያ ዕቃዎች ግን በሶፍትዌር የተጻፉ ማስመሰያዎች ናቸው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. ለትላልቅ ኮምፒውተሮቹ ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ያስተዋወቀው በ1972 ነው። በተራ ሰርቨሮች ላይ ሥራው የተስፋፋው ግን ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ ደመና እየተባለ የሚሸጠው አገልግሎት የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ኪውኤሙን የጀመረው ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በ2003 ለሕዝብ ሲለቀው ኮዱ ማንም ሊያነበው፣ ሊለውጠውና በነጻ ሊያሰራጨው በሚችልበት ፈቃድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኩምራኔት የተባለ አነስተኛ የእስራኤል ኩባንያ ኬቪኤም የተባለውን ሥራ አመጣ። ኬቪኤም በሊነክስ እምብርት ውስጥ ተቀምጦ የማሽኖቹን ፍጥነት የሚያረጋግጥ ክፍል ሲሆን፣ ከ2007 መጀመሪያ አንስቶ ከሊነክስ ጋር አብሮ ይሰጣል። የሐሰቱን ዲስክና የሐሰቱን ካርድ የሚሠራለት ግን ኪውኤሙ ነው። ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኩምራኔትን በ2008 በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በነጻ ለሚታደል ሶፍትዌር 107 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የ1996 ማዘርቦርድ

በኪውኤሙ አማካይነት አንድ ተራ ማሽን ሲፈጠርና ተጠቃሚው ሌላ ምርጫ ሳያደርግ ሲቀር፣ በውስጡ የሚገኘው የማዘርቦርድ ዓይነት ኢንቴል በ1996 ለፔንቲየም ፕሮ ያወጣው 440ኤፍኤክስ ነው። ዕቃው ራሱ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቅጂው ግን በመረጃ ማዕከሎች ውስጥ በየቀኑ «ይመረታል»። ኪው35 የተባለው በ2007 የወጣ ሌላ የኢንቴል ሞዴልም ቅጂው ከተጨመረ ቆይቷል። አሮጌውን ማውጣት ግን አልተቻለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማስመሰያው የውሸት ቢሆንም በላዩ የተጫነው ሥራ እውነተኛ ነው። የደመወዝ ፕሮግራም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ፣ ሻጩ ከስሮ የተዘጋ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ እነዚህ ሁሉ የሚያውቁት ያንን ማዘርቦርድ ነው። ድርጅቶች ቨርቹዋል ማሽን ከሚገዙባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት በውስጡ የነበረው ሥራ ሳይነካ እንዲቀጥል። ይህን ለሚፈልግ ደንበኛ «ማዘርቦርዱን አዘምነነዋል» ብሎ ማብሠር መርዶ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ትላልቅ ተጠቃሚዎች ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ ሳይጠፋ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ያዛውሩታል። ተቀባዩ ሰርቨር አዲስ እትም የጫነ ሊሆን ይችላል። በጉዞ ላይ ያለው ማሽን ግን ሲደርስ እያንዳንዱን ዕቃ በተወው ቦታና በተወው ቁጥር ማግኘት አለበት። አንዲት አኃዝ ብትዛነፍ ይወድቃል።

ስለዚህ የኪውኤሙ ሰዎች ለማሽን ሞዴሎቻቸው የመኪና ፋብሪካ እንደሚያደርገው የምርት ዘመን ሰጡ። ሶፍትዌሩ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል በአዲስ እትም ይወጣል። እያንዳንዱ እትም የራሱ ሞዴል አለው፤ የቀደሙት ሞዴሎችም እንዳሉ ይቀጥላሉ። በየእትሙ የተለወጠው ነገርና የቀድሞው ዋጋው በዝርዝር ይመዘገባል። የ2018ን ሞዴል የጠየቀ ሰው ሲመጣ ሶፍትዌሩ ከዛሬ ወደ 2018 ዝርዝሮቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ለውጦቹን ይሽራል። በመግቢያችን ያየናቸው «1» እና «0» የተቀመጡትም በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራሩ ብልህ ነው። ነገር ግን በነጻ አይደለም። ዛሬ አዲስ ነገር የሚጽፍ ባለሙያ ለዛሬው ማሽን ብቻ አይጽፍም። ከዓመታት በፊት ለተፈጠረ ማሽንም ሥራው እንዳይታይበት አድርጎ መጻፍ አለበት። የሚፈተነው ጥምረት በየእትሙ ይበዛል። አንዳንዱ አሮጌ ባሕርይ ለምን እንደተቀመጠ የሚያስታውስ ሰው ሥራውን ለቋል፤ ማንም አይነካውም። አንድ ጉድለት ያለበት ልማድ «ለቆዩት ሲባል» ሲቀመጥ በላዩ ሌላ ይሠራል፤ ኮዱም ከዓመት ወደ ዓመት ለአዲስ ገቢ የማይነበብ እየሆነ ይሄዳል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተጠቃሚው ማነው? ከፋዩስ? ከቀድሞው ጋር በመጣጣም የሚጠቀመው አሮጌ ማሽኑን ሳይነካ የሚያኖረው ድርጅት ነው። ከፋዩ ደግሞ ኮዱን የሚጠብቀው ባለሙያና አዲስ ነገር የሚጠብቀው ሌላው ተጠቃሚ ናቸው። በመካከላቸው ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የእኛ አገር አንባቢ ይህን በቀበሌ ቤት ያውቀዋል። ተከራዩ በጥንቱ ኪራይ ይኖራል፤ መውጣት ለእሱ ጥፋት ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ግን በዚያ ኪራይ የሚጠግነው አይገኝም። ተከራዩን ስግብግብ ማለት አይቻልም። አከራዩን ጨካኝ ማለትም እንዲሁ።

ማንም ያላስታወሰው ፍሎፒ

ጣራው ያፈሰሰው በግንቦት ወር 2015 ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪ በኪውኤሙ የፍሎፒ ዲስክ ማስመሰያ ውስጥ ቀዳዳ ማግኘቱን አስታወቀ። ቬነም የሚል ስም የወጣለት ይህ ቀዳዳ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ሰው ግድግዳውን ጥሶ ወደ ዋናው ሰርቨር እንዲሻገር ሊያስችለው የሚችል ነበር። ከዚያም ጎረቤት ማሽኖች አሉ፤ የሌላ ደንበኛ ማሽኖች።

ቀዳዳው በኮዱ ውስጥ የኖረው ከ2004 ጀምሮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት። የፍሎፒውን ማስመሰያ የወሰዱት ዜንና ቨርቹዋልቦክስም አብረው ተነኩ። የሚገርመው ሌላ ነው፤ በዜንና በኪውኤሙ አስተዳዳሪው ፍሎፒውን «አልፈልግም» ብሎ ቢያጠፋውም፣ በሌላ ስህተት ምክንያት አደገኛው ኮድ ሥራ ላይ ይቆይ ነበር። ማለትም በ2015 ፍሎፒ ዲስክ በዓይኑ ካየ ዓመታት ያለፉት ድርጅት እንኳ የፍሎፒን አደጋ ተሸክሞ ነበር። ፍሎፒው የተቀመጠው ለጥቂቶች ነው፤ አደጋው ግን ለሁሉም ተከፋፈለ።

ከዚህ በኋላ «ሁሉንም ጥሎ እንደገና መጀመር» የሚለው ሐሳብ ጉልበት አገኘ። አቅም ያላቸው አደረጉትም። ጉግል በደመና አገልግሎቱ ኬቪኤምን ይጠቀማል፤ ኪውኤሙን ግን ትቶ የራሱን እንደጻፈ በ2017 ገልጿል። አማዞን በ2018 ፋየርክራከር የተባለውን፣ ራስት በተባለ የኮድ ቋንቋ የተጻፈ ሶፍትዌር ይፋ አደረገ። የአማዞን መሐንዲሶች በ2020 ባቀረቡት የጥናት ጽሑፍ ኪውኤሙ ከ1.4 ሚሊዮን መስመር በላይ ኮድ ሲኖረው የእነሱ ወደ 50 ሺህ ገደማ እንደሆነ ጽፈዋል። ፍሎፒ የለም፤ የ1996 ማዘርቦርድም የለም።

ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን አንባቢ እንዳይሳሳት። ጉግልና አማዞን ንጹሕ ኮድ ሊጽፉ የቻሉት ከሌላው የተሻሉ ጸሐፊዎች ስላሏቸው ብቻ አይደለም። ደንበኛው ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚወስኑት እነሱ ራሳቸው በመሆናቸው ነው። ፋየርክራከር በዋናነት የተሠራው ተወልደው በአጭር ጊዜ ለሚጠፉ ትናንሽ ሥራዎች ነው። የ2009ን የደመወዝ ፕሮግራም ይዞ የሚመጣ ሰው ከበሩ ይመለሳል፤ ወደ ኪውኤሙ ነው የሚሄደው። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ሦስት ምግብ ብቻ ያለው ምግብ ቤት ወጥ ቤቱ ንጹሕ ቢሆን አይደንቅም።

ደግሞም እሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በፋየርክራከር ውስጥ ካሉት ጥቂት ማስመሰያዎች አንዱ የድሮው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ ነው። ኪቦርድ የሚጽፍበት የለም። የተቀመጠው ማሽኑ «አጥፋኝ» ብሎ ምልክት የሚሰጥበት የታወቀ ጥንታዊ መንገድ እሱ ስለሆነ ነው።

ቀነ ገደብ ያለው ቃል

የኪውኤሙ ሰዎች ሦስተኛ መንገድ ያዙ። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ከሁለቱ የተሻለው እሱ ነው፤ ለተሰጠው ቃል የማብቂያ ቀን ማበጀት።

በቅድሚያ የመጣው የማስጠንቀቂያ ደንብ ነው። አንድ ነገር ይወገድ ሲባል በሚወገዱ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ሁለት እትም ያህል እዚያው ቆይቶ ተቃዋሚ ካልመጣ ይወጣል። የብሉቱዝ ማስመሰያው በ2020 በዚህ መንገድ ሄደ፤ ለዓመታት ጠባቂ ያልነበረውና የሚጠቀምበትም ያልታየ ነበር። በ2021 ሞክሲ፣ ዩኒኮር32 እና ላቲስ ማይኮ32 የተባሉ የፕሮሰሰር ዓይነቶች ተከተሉ። ገበያ ላይ ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ናቸው።

እነዚህን ማውጣት ቀላል ነበር፤ ባለቤት የላቸውም። ከባዶቹ ባለቤት ያላቸው የማሽን ሞዴሎች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ሞዴል በየጊዜው እየተከራከሩ ያወጡ ነበር፤ በመሆኑም አሥር ዓመት ያህል የሞላቸው ሞዴሎች ሳይነኩ ቆዩ። በ2024 ለሁሉም አንድ ደንብ ወጣ። አንድ ሞዴል ሦስት ዓመት ሲሞላው ሊወገድ መሆኑ ለተጠቃሚው ይነገራል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከኮዱ ይወጣል። በዓመት ሦስት እትም ሲታሰብ ከአንድ የማሽን ቤተሰብ አሥራ ስምንት ያህል ሞዴሎች ይኖራሉ ማለት ነው። ለኢንቴል ዓይነት ማሽኖች ብቻ ሁለት ቤተሰብ ስላለ ሠላሳ ስድስት። ቀላል ሸክም አይደለም። ነገር ግን የሚታወቅ ሸክም ነው። የማያድግ ሸክም ነው።

ልዩነቱ የገባው የባንክ ሰው ይሆናል። የመክፈያ ቀን የሌለው ዕዳ ማንም ዋጋ ሊያወጣለት አይችልም። ቀን ሲቆረጥለት ግን ሁለቱም ወገን ያሰላል። ባለሙያው መቼ እንደሚገላገል ያውቃል፤ ድርጅቱም እስከ መቼ ገንዘብ ማዘጋጀት እንዳለበት።

ከስድስት ዓመት በላይ የሚፈልግስ? እሱ ከገበያ ይገዛል። የሬድ ሃትን 107 ሚሊዮን ዶላር የምናነሳው እዚህ ላይ ነው። ሬድ ሃት ለዋናው የሊነክስ ምርቱ የአሥር ዓመት ዕድሜ ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ የራሱን የማሽን ሞዴሎች በራሱ ባለሙያዎች ያስጠብቃል። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ክፍያው ሶፍትዌሩ እንዳይለወጥ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ከገዛቸው ነገሮች አንዱ ይህ «አለመለወጥ» ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ተቃራኒውን ያሳየው ቪኤምዌር ነው። ይህ ኮዱ ዝግ የሆነ፣ በገበያው ለረጅም ጊዜ የመሪነቱን ቦታ ይዞ የቆየ ሶፍትዌር ነው። ብሮድኮም ኩባንያውን በኅዳር ወር 2023 ጠቅልሎ ያዘና ወር ሳይሞላው አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቆመ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ ነው። እዚያ የፈረሰው ስምምነት የኮዱ አልነበረም፤ ማሽኖቹ እንደተለመደው ይነሳሉ። የፈረሰው የዋጋው ነው።

ከዚህ ቦታ ጉዳዩ አዲስ አበባ ይደርሳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ ያህል በዓመት 10 ሺህ ዶላር የሚከፈልበት ፈቃድ ከ570 ሺህ ብር ተነስቶ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የተዘረጋለት ሥራ አስኪያጅ ኮዱ ክፍት ወደሆነው ሶፍትዌር ዓይኑን ቢጥል ማንም አይፈርድበትም። ፕሮክስሞክስ የተባለው የቪየና ኩባንያ ምርት ከአማራጮቹ አንዱ ሲሆን ውስጡ ኬቪኤምና ኪውኤሙ ነው። ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ ድጋፍ ለሚፈልግ ይሸጣል።

ፕሮክስሞክስ ከ«1» እና «0» ጣጣ ትምህርት ወስዷል። ዊንዶውስ የሚጫንበት ማሽን ሲፈጠር በዕለቱ ካለው የኪውኤሙ ሞዴል ጋር ያስረዋል፤ ሶፍትዌሩ ቢታደስም ማሽኑ በዚያው ሞዴል ይቀጥላል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው። ችግሩ ጸጥተኛ መሆኑ ነው። ማሽኑን የፈጠረው ባለሙያ ሌላ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ማሽኑ ሳያስቸግር ይሠራል፤ የሞዴሉ ዕድሜ ግን እየቆጠረ ነው። የማስጠንቀቂያ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከእትሙ ጋር ይወጣል፤ የሚያነበው ያነበዋል።

ስድስት ዓመት ለአውሮፓ የመረጃ ማዕከል በቂ ዘመን ነው፤ ሰርቨሩን ራሱን ከዚያ በፊት ይጥለዋል። ሰርቨር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ድርጅት ግን ዕቃው እስኪሞት ድረስ ቢጠቀምበት የሚጠበቅ ነው። ሞዴልን ማሻገር ከባድ ሥራ አይደለም። ቅጂ ይያዛል፤ የኔትዎርክ አድራሻው በወረቀት ይጻፋል፤ ሞዴሉ ይለወጣል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አድራሻው እንደገና ይሞላል፤ ፈቃዱን እንደገና ከጠየቀ ይሰጠዋል። ቀኑ ከታወቀ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ወር መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ዕለት ይመጣል።

በደንቡ መሠረት የ2020 ሞዴሎች ስድስተኛ ዓመታቸውን የሚሞሉት በ2026 ነው። ለእነሱ ሲባል የተቀመጠችው «1» ከኮዱ የምትወጣውም ከእነሱ ጋር ነው።